የጣት ጫፍ ደምና የደላንታ ኦፓል፦ ብርሃን እስከ የት ያሳየናል?

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። በዚያ መንገድ ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪው አግዳሚ ወንበር ከማለዳው ይሞላል። ፍየል ሊሸጥ የመጣው፣ እህል ልትሸምት የወረደችው፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም ገበያውንና ሕክምናውን በአንድ ጉዞ ለመጨረስ ይመጣል። እኔ ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ወደዚያ የወረድሁት በላቦራቶሪው የምትሠራው የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ስለ ሌንስ ያስተማሩንን አንድ ቀን መጥተው በሥራ ላይ ይዩት» ብላ ስለጠራችኝ ነው።

ተራው የደረሰው አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከናፍሩ ደርቋል። ተማሪዬ «አብሽር የኔ ጀግና፣ አለቀ» እያለች የጣቱን ጫፍ ወጋች። አንዷን ጠብታ ለፈጣኑ መመርመሪያ ሰጠች፤ ሌሎቹን ስላይድ ላይ አኖረች፤ አንዱን በወፍራሙ አከበበችው፣ ሌላውን በሌላ ስላይድ ጠርዝ ስስ አድርጋ ሳበችው። ጊዜው ሲደርስ መመርመሪያው ላይ የወጣው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ ወባ የለም ማለት ነው። እናትየው አየችና «ዶክተር፣ የለበትም አይደል?» አለች። እዚያ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ትንሽ ይታገሡኝ እናቴ፣ በዓይኔ ልየው» አለቻትና ቀለሟን መበጥበጥ ጀመረች።

ስላይዱ ተቀልሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አንዲት የዘይት ጠብታ አርፋበት ከሌንሱ ሥር ሲገባ ግማሽ ሰዓት ያህል አልፏል። እሷ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ ስላይዱን በቀስታ እየገፋች ቆየች። ከዚያ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። «ቲቸር፣ ይዩት። መሐል ላይ ነው።»

ፈዘዝ ያሉ ክብ የደም ሕዋሳት ተደርድረዋል። ከመካከላቸው በአንዱ ውስጥ ክር የመሰለች ሰማያዊ ቀለበት ተቀምጣለች፤ ቀለበቷ ላይ ደግሞ እንደ ፈርጥ ቀይ ነጥብ። አጠገቡ ያለው ሕዋስ ሁለት ቀለበት ይዟል። መመርመሪያው «የለም» ያለው ወባ ይኸው ነበር።

ይህን ትዕይንት በዝርዝር የነገርሁት በዚህ ዘመን ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ፈጣን መመርመሪያ ተውሳኩን ራሱን አያይም፤ በየጤና ኬላው ሲሠራበት የቆየው ዓይነት በዋናነት የሚፈልገው ፋልሲፋረም የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ደም የሚለቀውን አንድ ፕሮቲን ነው። በሽታ አምጪው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረመል የጎደላቸው የወባ ተውሳኮች በአፍሪካ ቀንድ እየተስፋፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የድንበር አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በዚያ ፕሮቲን ላይ ብቻ የሚመካ መመርመሪያ በዘረመሉ መጉደል ምክንያት ከመቶ የፋልሲፋረም ሕሙማን ወደ አሥር የሚጠጉትን ሊያመልጠው እንደሚችል ገምቷል። የባቲው ልጅ ከእነዚያ አንዱ ይሁን አይሁን ስላይዱ አይናገርም። ተውሳኩ ጥቂት ሲሆን ወይም መመርመሪያው በቆላ ሙቀት ሲጎዳም ተመሳሳይ ስሕተት ይደርሳል። ለዚያች እናት ግን ምክንያቱ ለውጥ የለውም፤ በመስመሩ ብቻ ተመክተው ቢያሰናብቷት ኖሮ ልጇን አዝላ ከነወባው ትመለስ ነበር።

ወባው ደግሞ በርትቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1,157 ሰዎች ሞተዋል። በዚህ ላይ ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ አለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ከዚያ በተደረገው አሰሳ ከተያዘችባቸው ከተሞች አንዷ ባቲ ናት። ይህች ትንኝ ረግረግና ዝናብ አትጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በውኃ ታንከር ትራባለች። እንግዲህ አንድን ቀለበት በዓይን አይቶ «አለ» ብሎ የሚመሰክር ሰውና መሣሪያ ዋጋቸው ከፍ እንጂ ዝቅ የሚልበት ጊዜ አይደለም። ፈጣኑ መመርመሪያ ማይክሮስኮፕን ጡረታ ያወጣዋል ብለን ያሰብን ሰዎች ተሳስተናል።

ታዲያ ያቺ ቀለበት እንዴት ታየች? ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ሰባት ስምንት ማይክሮሜትር ነው፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቀለበቷ ደግሞ የሕዋሱን አንድ አምስተኛ ብታክል ነው። ተማሪዎቼን «ማይክሮስኮፕ ምን ይሠራል?» ብዬ ስጠይቃቸው ሁልጊዜ የሚመልሱልኝ «ያጎላል» ነው። ማጉላት ግን ማየት አይደለም። ስልክህ ላይ ያለውን የሠርግ ፎቶ በሁለት ጣት እያሰፋህ ከኋላ የቆመውን ሰው ለመለየት ሞክረህ ታውቃለህ። የሆነ ቦታ ላይ ፊቱ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ብታሰፋው የሚተልቀው ነጠብጣቡ እንጂ ሰውየው አይደለም። ብርሃንም እንዲህ ያለ ጫፍ አለው፤ የዚህ ጫፍ ምክንያቱ ብርሃን ማዕበል መሆኑ ነው።

ሐይቅ የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ወደ ዳር ይመጣል። ታንኳ ቆሞ ከሆነ ሞገዱ ይመታውና ከታንኳው ጀርባ ጸጥ ያለ ውኃ ይፈጠራል፤ ታንኳውን ባታየው እንኳ ከውኃው ጸጥታ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ማለት ትችላለህ። ያው ሞገድ አንዲት ነጠላ ቄጤማ ሲያገኝ ግን ዙሪያዋን አልፎ ወዲያው ይገጥማል። ከቄጤማዋ ጀርባ ያለው ሞገድ ምንም እንዳላጋጠመው ሆኖ ይቀጥላል። ሞገዱ ቄጤማዋን «አላያትም»፤ ከእርምጃው፣ ማለትም ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ካለው ርቀት፣ እጅግ ታንሳለችና።

ዓይናችን የሚቀበለው የብርሃን እርምጃ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። ናኖሜትር የማይክሮሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት አበ እ.ኤ.አ. በ1873 ነገሩን በስሌት አስቀመጠው፦ ሌንሱ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሞረድ፣ ከብርሃኑ እርምጃ ግማሽ ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች አንድ ሆነው ይታያሉ። በምርጥ ሌንስ ይህ 200 ናኖሜትር ያህል ነው። የወባዋ ቀለበት ከዚህ ወሰን በላይ ስለሆነች ትታያለች። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ውፍረቱ ወሰኑን ይታከከዋል። የፖሊዮ ቫይረስ 30 ናኖሜትር ስለሆነ እንደ ቄጤማዋ ነው፤ ብርሃን አልፎት ይሄዳል።

የአበ ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ቁጥር አለ፤ ሌንሱ እንደ ማራገቢያ ወደ ጎን የተዘረጋውን ብርሃን ምን ያህል አስፍቶ ይቀበላል የሚል ነው። ደቃቅ ነገር ብርሃንን የሚበትነው ወደ ጎን አስፍቶ ነው። ጎን ለጎን የሄደውን ብርሃን ሌንሱ ካልያዘው፣ የያዘው መረጃ አብሮት ይጠፋል። የዘይቷ ጠብታ ሥራ ይህ ነው። ከስላይዱ መስታወት ወደ አየር የሚወጣ ብርሃን ይሰበራል፤ በጣም ያጋደለው ጭራሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዘይቱ ግን ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከመስታወቱ ጋር እኩል ነው፣ 1.515 ገደማ። ስለዚህ ብርሃኑ ከመስታወት ወጥቶ ዘይት ውስጥ መግባቱን እንኳ ሳያውቀው ቀጥ ብሎ ወደ ሌንሱ ይገባል። መስታወቱና ዘይቱ ለብርሃን አንድ አካል ሆኑ።

ተማሪዬ ይህን በሥራ ታውቀዋለች። ስላይዱ ከሚያርፍበት መድረክ ሥር ያለውን ብርሃን ሰብሳቢ ኮንደንሰር እስከ ላይ ከፍ አድርጋ፣ የብርሃኑን በር ከፍታ ነው ባለ መቶውን ሌንስ የምታወርደው። ብዙ ባለሙያ ግን የምስሉ ጠርዝ ጎልቶ እንዲታይለት ኮንደንሰሩን ዝቅ ያደርገዋል። ጥላው ይጠቁራል፣ ለዓይን ደስ ይላል፤ ማራገቢያው ግን ጠበበ፣ ቀጭኗ ቀለበትም ከጥላው ጋር ተዋጠች። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኮንደንሰሩን ከፍና ዝቅ በምታደርገው በዚያች የጎን መዘውር ላይ የልጅ ነፍስ እንደተንጠለጠለ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከብርሃኑ ቀጥሎ ቀለሙ ነው። ደም ውስጥ ያለ ተውሳክ ያለ ቀለም ውኃ ውስጥ እንዳለ መስታወት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተውሳክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ባልተቀለመ ደም ላይ ነው፤ እንዲያስተውለው ያደረገው የተውሳኩ የሚወናጨፉ ጭራዎች እንቅስቃሴ ነበር። ጉስታቭ ጊምሳ እ.ኤ.አ. በ1904 ያስተካከለው ቀለም ግን ዛሬም ባቲ መንገድ ላይ በጠርሙስ ተቀምጧል። የተውሳኩን አካል ሰማያዊ፣ የዘረመሉን መከማቻ ቀይ ያደርገዋል። ይህ የሚሆነው ግን ቀለሙ የሚበጠበጥበት ውኃ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) 7.2 አካባቢ ሲሆን ነው። ውኃው ወደ አሲድ ካደላ ሁሉም ነገር ሮዝ ይሆንና ቀይዋ ነጥብ ትጠፋለች። ተማሪዬ የጉድጓድ ውኃ ቀለሙን ያበላሸባትን ወራት ነግራኛለች፤ ማይክሮስኮፑ ጤነኛ፣ ዓይኗ ጤነኛ፣ ውኃው ግን አላሳይም ብሎ።

እዚህ ላይ ስለ አንቶኒ ፋን ሌቨንሁክ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ታሪኩን እወደዋለሁ። የሆላንዷ ዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ደሴ ላይ ጋቢ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ የድሩን ጥንካሬ እንደሚያይ፣ በዚያ ዘመን ጨርቅ ነጋዴዎችም ክሩን የሚቆጥሩበት ሌንስ ነበራቸው። ሰውየው ከዚያ ተነሥቶ ከሁሉ የተሻለች ጤፍ የምታህል ሌንስ በእጁ መሥራት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1674 የደም ሕዋሳትን፣ በ1676 ደግሞ ባክቴሪያን ገልጾ ጻፈ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ላቲንም አያውቅም ነበር። ክር የመቁጠር ትዕግሥት ግን ነበረው፤ አንድን ስላይድ «ወባ የለበትም» ከማለቱ በፊት ወፍራሙን ቅብ መቶ ቦታ ላይ የሚያየው የላቦራቶሪ ባለሙያም ያው ትዕግሥት ነው ያለው።

አሁን ከቆላው ወጥተን ወደ ደላንታ እንሂድ። በደላንታዋ ከተማ በወገል ጤና አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ዛሬ በዓለም የጌጥ ገበያ የወሎን ስም ይዞ ይዞራል። ገበሬው ከገደሉ ወገብ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ ዓለቶች መካከል ያለችውን አንዲት ስስ ንብርብር ተከትሎ እየቆፈረ ያወጣዋል፤ ገደሉ እየተናደ ስንቱን በልቷል። ድንጋዩን አዙረህ ስታየው ከውስጡ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ሰማያዊ እሳት ይዘላል። ቀለም ግን የለውም። ከአሸዋና ከመስታወት ቤተሰብ የሆነ ሲሊካ ከውኃ ጋር ነው። ታዲያ እሳቱ ከየት መጣ?

ብርሃናዊው ማይክሮስኮፕ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ያጎላዋል፣ ያጎላዋል፤ የቀለም ደመና እንጂ ምንጩ አይታይም። መልሱን እ.ኤ.አ. በ1964 አውስትራሊያዊው ሳንደርስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አገኘው። የከበረ ኦፓል ውስጥ ጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች፣ ሱቅ ላይ እንደተቆለለ ብርቱካን፣ ረድፍ ይዘው ተደርድረዋል። የአንዱ ሉል ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ነው። እንግዲህ ያንን የ200 ናኖሜትር ወሰን አስታውሱ። ሉሎቹ የተቀመጡት ልክ ብርሃን ነጥሎ ማየት በሚያቅተው ደጃፍ ላይ ነው። ብርሃን አንድ በአንድ አይለያቸውም፤ በረድፋቸው መካከል ሲያልፍ ግን እርምጃው ከእርምጃቸው ጋር ይገጥማል፣ አንዱ ቀለም ይጎለብታል፣ ሌላው ይጠፋል። ትንንሾቹ ሉሎች ሰማያዊ ያወጣሉ። ቀይ ለማውጣት ተለቅ ያሉና በወጉ የተደረደሩ ሉሎች ያስፈልጋሉ፤ ቀይ እሳት ያለው ኦፓል ውድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ማይክሮስኮፑን ያሸነፈው ወሰን ራሱ ደላንታ ላይ ጌጥ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ይህን ያወቅሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ደሴ ውስጥ የማውቀው አንድ ድንጋይ ነጋዴ ስስ የወገል ጤና ኦፓል ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለልኝ። «ቆየት ብለህ እየው መምህር» አለኝ። ሻያችንን እስክንጨርስ ድንጋዩ ጠራ፤ እሳቱ ደበዘዘ፣ በብርጭቆው ወዲያ ማዶ ያለውን የጠረጴዛ ልብስ ጥለት አሳለፈ። የወገል ጤና ኦፓል ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው። በሉሎቹና በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ መካከል የነበረውን አየር ውኃ ሲተካው፣ በሲሊካውና በክፍተቱ መካከል የነበረው የብርሃን አሰባበር ልዩነት ይጠባል። ልዩነቱ ሲጠብ ብርሃኑ ምንም እንዳላጋጠመው ያልፋል። ባቲ መንገድ ላይ በመስታወቱና በሌንሱ መካከል ያለችው የዘይት ጠብታ የምትሠራው ይህንኑ ነው። አንዷ ልዩነትን አጥፍታ ተውሳኩን ታሳያለች፣ ሌላው ልዩነትን አጥፍቶ እሳቱን ይሰውራል። ድንጋዩ በቀስታ ሲደርቅ እሳቱ ይመለሳል።

ከብርሃን ወሰን ለማለፍ እርምጃው ያጠረ ሌላ ማዕበል ማግኘት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ሉዊ ደ ብሮይ እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ቅንጣቶችም የማዕበል ጠባይ አላቸው፣ በፈጠኑ ቁጥር እርምጃቸው ያጥራል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ100,000 ቮልት የተወረወረ ኤሌክትሮን እርምጃው 0.0037 ናኖሜትር ነው፤ ከአረንጓዴ ብርሃን ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ያጥራል። የሐይቁ ሞገድ በድንገት ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ደቃቅ ሞገድ ቢሆን ያቺን ቄጤማ እንዴት አድርጎ እንደሚያያት አስቡት።

መስታወት ግን ለኤሌክትሮን ሌንስ ሊሆን አይችልም። ሃንስ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጥቅል ሽቦ የኤሌክትሮንን ጨረር እንደ ሌንስ ሊሰበስበው እንደሚችል አሳየ። በ1931 በርሊን ውስጥ ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አቆሙ፤ በ1933 ሩስካ የሠራው ብርሃናዊውን በለጠው። ወንድሙ ሄልሙት ሐኪም ነበርና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቫይረሶችን በመሣሪያው ካዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። ኤርንስት ሩስካ የኖቤል ሽልማቱን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ79 ዓመቱ ነው።

የኤሌክትሮን ዓይን ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። አየር ኤሌክትሮኑን ስለሚበትነው የመሣሪያው ሆድ ባዶ መደረግ አለበት። በዚያ ባዶ ውስጥ እርጥብ ነገር ውኃው ተንኖ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ናሙናው ይደርቃል፣ ወይም እጅግ በፈጠነ ቅዝቃዜ ወደ ብርጭቆ መሰል በረዶ ይለወጣል፤ ለዚህኛው ዘዴ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ኖቤል ተሸልመዋል። ጨረሩ አልፎት እንዲሄድ የሚፈለግ ሥጋ ከመቶ ናኖሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይቆረጣል፤ ገጹ ብቻ የሚታይ ድንጋይ ደግሞ ስስ ወርቅ ይቀባል። ምስሉም ጥቁርና ነጭ ነው። በኮሮና ጊዜ በየቴሌቪዥኑ ያየነው ቀይ እሾሃማ ኳስ ቀለሙ በኮምፒውተር የተቀባ ነው፤ ቀለም የብርሃን ነውና ብርሃን የማይደርስበት ዓለም ቀለም የለውም።

የከፈልነውን ያህል ግን ይሰጠናል። ወደዚያ ልጅ ደም ልመልሳችሁ። ተማሪዬ ያየችው ቀለበት ብቻ ነበር፤ ቀለበት የተውሳኩ የሕፃንነት መልክ ነው። ያደጉት የት ሄዱ? ፋልሲፋረም ሲያድግ የያዘው የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች ይወጣሉ፤ መጠናቸው ወደ መቶ ናኖሜትር ስለሆነ በጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ፈጽሞ አይታዩም። በኤሌክትሮን ግን ሕዋሱ እንደ ቆርፋዳ ቆዳ ሆኖ ይታያል። ሕዋሱ በእነዚያ ጉብታዎች የቀጭን ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ አንጎል ውስጥ ሲጣበቅ ልጁ ራሱን ይስታል። በጣት ጫፍ ደም ቀለበት ብቻ የሚገኘው ትልልቆቹ ውስጥ አካል ላይ ተጣብቀው ስለቀሩ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ያሳያት ትንሽ ቀለበት፣ ኤሌክትሮን ያስተማረንን ለሚያውቅ ሰው፣ ያልታዩትንም ትናገራለች። ተማሪዬ ቅጹ ላይ «ፒ.ኤፍ» (ፋልሲፋረም) ብላ ጽፋ፣ ተውሳኩን ከ200 ነጭ የደም ሕዋሳት አንጻር ቆጥራ ወደ ሐኪሙ የሮጠችው ይህን ስለምታውቅ ነው።

ታዲያ ወሎ ምን ያስፈልገዋል? ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይምጣ የሚል ጥያቄ ከወጣት መምህራን እሰማለሁ፤ ምኞቱ የእኔም ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የብርሃኑ መታረም አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ። አንድ ስሙን የማልጠራው ተቋም ውስጥ ደኅና ማይክሮስኮፕ በላስቲክ ተሸፍኖ አይቻለሁ። የተበላሸው አምፖሉ ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ ዘይት ሳይጠረግ እየቀረ የባለ መቶው ሌንስ ፊት ደርቆ ጉም የለበሰ መስሏል። ቆላ ላይ በእርጥበት ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ማታ ማታ ደረቅ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ ከባድ ነገር የለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ባዶ ቀርተዋል፤ የተተካው መሣሪያም ያለ ጠጋኝ፣ ያለ መለዋወጫ፣ ያለ ቋሚ የስላይድ ቁጥጥር ከሆነ የተተካው ብረቱ ነው። ባለሙያዋ ያነበበችውን ስላይድ ሌላ ዓይን ዳግም የሚያይበት ልማድ ካልጸና ቀለበት ማለፏን የሚያውቅ የለም።

ኤሌክትሮኑ በሁለተኛ ደረጃ ይምጣ፤ የሚመጣበትም ምክንያት አለን። የደላንታ ድንጋይ ውኃ ስለሚጠጣ ቀለምና ጭስም ይጠጣል፤ አጭበርባሪ ነክሮ ሐምራዊ ወይም ጥቁር አድርጎ ይሸጠዋል፤ የውጭ ገዢም በዚህ ሰበብ የጤነኛውን ዋጋ ይሰብራል። የተነከረውን ለመለየት አብዛኛውን ጊዜ ተራ ማይክሮስኮፕ ይበቃል፤ ቀለሙ ስንጥቅ ውስጥ ተከማችቶ ይታያል። የሉሎቹን አደራደር ለማጥናት፣ የድንጋዩን ጠባይ ከምንጩ ለይቶ ለመመስከር ግን ገጽ የሚቃኝ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ፣ በተራ የግድግዳ ሶኬት የሚሠሩ አነስተኛ ዓይነቶች አሉ። አንዱን በጋራ የሚጠቀሙበት ቦታ ቢኖር የኦፓሉን ጥያቄ ይዞ የሚመጣው፣ የሐይቅን ጭቃ ይዞ የሚመጣውም ይገናኛሉ። በሐይቅ ሥር በተደረደረው ደለል ውስጥ ባለ ሲሊካ ቅርፊት ደቂቅ አልጌዎች ተቀብረዋል፤ ከዓይነታቸው የጥንቱን ድርቅና ዝናብ ማንበብ ይቻላል። ወሎ ስለ ድርቅ የሚጠይቅበትን ምክንያት ለማንም መንገር አያስፈልግም። ድንጋያችንንም ጭቃችንንም ሌሎች አይተው የነገሩንን ብቻ እያነበብን መኖራችን ያሳምመኛል።

ከጉብኝቱ ወዲህ ለተማሪዬ ስደውል የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ልጁ ነበር። መድኃኒቱን ጨርሶ በሌላ ሰኞ ከእናቱ ጋር ገበያ ወርዶ፣ በላቦራቶሪው መስኮት አንገቱን አስግጎ አይቷት ሮጠ አለችኝ። ሁለተኛው የእሷ ጥያቄ ነበር፦ «ቲቸር፣ ባለ 6 ቮልት 20 ዋት ሃሎጅን አምፖል ደሴ ይገኝ ይሆን? ያለችኝ አንድ መለዋወጫ ናት፣ እሷም መጥቆር ጀምራለች።» ፒያሳ ያሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ዞርሁ፣ የለም። ከአዲስ አበባ ሁለት በመኪና አስላክሁና በሚቀጥለው ሰኞ በማለዳው አውቶቡስ ይዤላት ወረድሁ።